ሳይታጠብ ፎቶ የሚነሳ የለም

ኢገን፣ ሚኒሶታ
መጋቢት 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ እታለም የትምወርቅ እንግዳ
ኮምቦልቻ

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ፣ ለቀረችው ሁዳዴ ብርታቱን ይስጥዎ እላለሁ። እርስዎ በታቦቱ፣ እኔ በቂብላዬ የምንለምነው አንዱን ነውና እሱው ይጠብቅልኝ። እኔና ልጄ ቱባ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ አላነብም ስላሉኝ ይኸው በሐበሻ ቀን ጽፌያለሁ፤ እዚህ ያለው ሰው ግን ዓመቱን 2018 ነው የሚለው። ስልክም "ሰው ይጮህበታል እንጂ አይነጋገርበትም" ብለው ስለከለከሉኝ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር በእጅ እልካለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጎረቤቴ የአብዱልመናን እናት ከኮምቦልቻ ሲመጡ አንድ ነገር ነግረውኛል። ግራ ዓይንዎ ሥር ቁስል ወጥቶ፣ ስድስት ወር አልፎት፣ እርስዎ ሻሽዎን ጎተት አድርገው ነው አሉ የሚሄዱት። እኔ ለምን አልሰማሁም? አባቴ ይማም ቢኖር የአክስቱን ልጅ ጆሮዋን ይዞ ሐኪም ቤት ይወስዳት ነበር።

እዚህ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ነርስ የሆነች ዱረቲ የምትባል የወለጋ ልጅ ጓደኛ አለችኝ። ነገርኳት። "ዋይ ነው የማትጠይቂያቸው? በቀን ብርሃን ከቅርብ፣ ክሎዝ አፕ ይነሱና ይላኩ፤ የቆዳ ዶክተሯን ሾው አደርጋታለሁ። አንዳንዱ ቁስል ዝም ከተባለ ወደ ዓይን ይገባል" አለችኝ። እባክዎ እታለም፣ የራስዎ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ፎቶ አጣሁ እንዳይሉኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ወፎቹ ልንገርዎ። ሴይንት ፖል አጠገብ ነዳጅ የጫነ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ድፍድፉ ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ፈሰሰ። በረዶው ገና መቅለጡ ነው፤ ወፎቹም ከደቡብ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ዳክዬው፣ ይብራው፣ ብርዱን ባሕር ላይ አሳልፎ የሚመጣው ሉን የሚሉት ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ሁሉም ውሃ አገኘሁ ብሎ ዘይት ላይ ያርፋል። ዘይት የነካው ላባ ብርድ አይከላከልም፣ ውሃም ያስገባል። የባሕር ወፍ ውሃ ውስጥ ስትሰጥም አስቡት! ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች እየያዙ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ በሳሙና ያጥቧቸዋል። ሰው ወፍ ሲያጥብ አይቼ አላውቅም ነበር፣ አየሁ።

ሥራውን የምትመራው ጆአን የምትባል ሴትዮ የዱረቲ ጎረቤት ናት። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ስትፈልግ ዱረቲ እኔ ያነሳኋቸውን የሠርግ ፎቶዎች አሳየቻት፤ ተቀበለችኝ። ለጊዜው በነጻ ነው። ካማራቸው ግን በክፍያ ይቀጥሩኛል፤ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ የምተውበት ቀን ታየኝ።

እያንዳንዷ ወፍ እንደገባች፣ ከመታጠቧ በፊት፣ ከነቁጥሯ ፎቶ ትነሳለች። ቢያዩዋቸው ያሳዝናሉ። እኔ ግን ያስተማሩኝን መች እረሳለሁ? ፊቷን በጨርቅ ጠረግ አደርግላታለሁ። ንጹሕ ፎጣ ከአንገቷ ጀምሮ ደረብ አደርግላታለሁ፤ እርስዎ ከገጠር ለመጣ ሰው ኮት እንደሚያለብሱት ማለት ነው። ከዚያ ነው የማነሳት። ወፏን የያዘችው ልጅ ገርሟት አየችኝና ቀጣዩን ልታመጣ ሄደች፤ ሁሉም ሰው ሩጫ ላይ ነው። አንዷን ሉን አሳትሜ ልኬልዎታለሁ። እዩልኝ ስታምር።

የእርስዎን ፎቶ በተስፋ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሻሂዳ ይማም


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሻሂዳ ይማም
ስሟ ምላሴን ለሚያስቸግረው ከተማ

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። በዓሉ ያንቺ ባይሆንም ድፎውን ስትበዪ ስላደግሽ ይመለከትሻል። ቱባን ግንባሯን ሳሚልኝ። አማርኛ አስተምሪያት፣ ኋላ ከኔ ጋር በአስተርጓሚ ልትጨቃጨቅ ነው።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአብዱልመናን እናት ድሮም ዝንብ ካየች አሞራ ነው የምታወራው። ዓይኔ ሥር የወጣችው ቡግንጅ ናት። ጤና ጣቢያ አይተዋት ቅባት ሰጥተውኛል፣ እቀባለሁ። ለዚህ ተብሎ የአሜሪካ ሐኪም አይጨነቅ።

ግን ፎቶ ላኪ ካልሽ እምቢ አልልም። ይኸውልሽ። ያነሳኝ የፎቶ ቤቴ ሠራተኛ ጌቱ ነው። ታውቂው የለ፣ እጁ አሁንም እንደ ድሮው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ደክሞበታል። ለሐኪሟም አሳዪያት፣ ሰው ያላት ሴት መሆኔን ትወቅ።

የላክሽልኝን ወፍ አይቼ ኩራት ተሰማኝ። ግድግዳዬ ላይ ከሙሽሮቹ መሐል ሰቅያታለሁ። ደንበኛው ሁሉ ማናት ይለኛል፤ አሜሪካ ያለች ዘመዴ ናት እላለሁ። አንገቷን አቅንታ፣ ፎጣዋን ደርባ፣ የደብር አለቃ ሚስት ነው የምትመስለው። አየሽ፣ እኔ ያስተማርኩት ሰው የትም ቢሄድ አያሳፍረኝም። ሳይታጠብ ፎቶ የሚነሳ የለም፤ ወፍም ቢሆን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሰፋ ያለ ጥቁር ሻሽ ብትልኪልኝ። እዚህ ያለው ጠባብ ነው፣ አልሸፍን ይለኛል። ከተገኘ ጥቁር መነጽርም። የዘንድሮ ፀሐይ በርትታለች።

አክስትሽ የትምወርቅ እንግዳ


ኢገን
ግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ እታለም የትምወርቅ

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን፤ ረመዳን እየደረሰ ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ። ሻሹን አልላክሁም። መነጽሩንም አልላክሁም። ለምን እንደሆነ እስኪጨርሱት ድረስ አይቆጡኝ።

መጀመሪያ የኔን ጉድ ልንገርዎ። ነዳጁ የተጫነለት ድርጅት የላከው አንድ ሰው መጋዘኑ ድረስ መጣ። የስንት ወፍ ማሳከሚያ እንደሚከፍሉ የሚወስነው እሱ ነው መሰለኝ። ጆአን የኔን ፎቶዎች ሰጠችው። ገለጥ ገለጥ አደረጋቸውና "እነዚህ እኮ ደህና ናቸው። ምን ሆኑ ነው የምትሉት?" አላት። ሰውየው ክፉም አልነበረም። ያየውን ነው የተናገረው።

ጆአን ፎቶዎቹን ይዛ ወደኔ መጣች።

"ሻሂዳ፣ ዘይቱ የታለ?"

"ፎጣው ሥር ነው።"

"ለምን ፎጣ አለበስሻት?"

"እንዳታፍር ብዬ።"

"ማን? ወፏ?"

"አዎ፣ ወፏ" አልኳት። ምን ልበል?

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዓይኖቿን ጨፈነች። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወፎች አብዛኞቹ ሞተዋል፣ እታለም። ከመሞታቸው በፊት ምን እንደነካቸው የሚመሰክረው የኔ ፎቶ ብቻ ነበር። የኔ ፎቶ የሚመሰክረው ደግሞ ፎጣ ነው። ካሜራውን ሌላ ሰው ያዘው፤ እኔን የቆሸሸ ፎጣ አጠባ ላይ መደቡኝ። ፎጣ ወደሽ ነበር፣ እንኪ ፎጣ ያሉኝ መሰለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት የእርስዎ ፎቶ ደረሰ። ፖስታውን ስከፍት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቱባ ከትከሻዬ በላይ አየችና "ማም፣ ዚስ ኢዝ ሶ ፌክ" ብላ፣ የውሸት ነው ማለቷ ነው፣ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ተቆጣኋት። ዱረቲ ጋ ይዤ ሄድኩ። እሷም መስኮት ዳር ቆማ ብዙ አየችው። "ሻሂዳ፣ ሴትዮዋ ፐርፌክት ናቸው እኮ። ምናቸውን ነው ዶክተሯን ሾው የማደርጋት?" አለች።

ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ቁስሉ የለም። ከዓይንዎ ሥር ያለው ሽብሽብም የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ግንባርዎ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳን የለም። ጌቱ ሁለት ቀን የደከመው ለካ እርስዎን ለማጥፋት ነው! ድሮ ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ፣ አሁን በኮምፒውተር። የላኩልኝ የሠላሳ ዓመት ቆንጆ ሴት ፎቶ ነው። እሷን አላውቃትም፣ የታመመችውም እሷ አይደለችም።

እታለም፣ በእርስዎ ተናድጄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ተናደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከእርስዎ አይደል የሰማሁት? ወደ ዓይን ሊገባ ይችላል እያልኳችሁ ለሐኪም የሚላክ ፎቶ ሪታች ታደርጋላችሁ? ከዚያ ደግሞ የኔን ፎጣ አሰብኩና ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ከማን ተማርኩት!

አንድ ፎቶ ብቻ። በቀን ብርሃን፣ ሻሽ የሌለበት፣ የጌቱ እጅ ያልነካው። እለምንዎታለሁ።

ሻሂዳ


ኮምቦልቻ
ሰኔ 1 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለሻሂዳ ይማም

እንደምን ሰነበትሽ። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለዒዱ ያድርስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን የያዘው ሰው የመጣው ቀደም ብሎ ነበር፤ የዘገየሁት ስለተናደድኩ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት።

ጌቱን አትንኪው። አጥፋልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

አንቺ ኮቱንና ማበጠሪያውን ነው የምታውቂው። ፎቶ ቤቱን ለምን እንደከፈትኩ ግን ማንም ነግሮሽ አያውቅም፤ አባትሽም ያላወራሽ ስለማይወድ ነበር። እንግዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩትን ልጻፍልሽ።

በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ከደጋው ስንወርድ ታናሽ እህቴ አልጋነሽ አብራኝ ነበረች። በእህል ቀን ያያት ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያያት ልጅ ነበረች። ፀጉሯን ሳትቅባ ከቤት አትወጣም። መጠለያው ስንደርስ ግን ልብሷ አልቆ፣ በአጥንቷ ቀርታ፣ ከሰው መሐል መሬት ላይ ተኝታ ነበር። ፈረንጆች ካሜራ ይዘው መጡ። አንዱ በላይዋ ቆሞ አነሳት። እጇን አንሥታ ደረቷን ልትሸፍን ስትሞክር አየኋት፤ እጇ አልደረሰም። በሳምንቱ ሞተች።

ኋላ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አንድ መምህር ከውጭ አገር የመጣ መጽሔት ይዞ ሲያሳይ ሰዎች "አልጋነሽ ናት፣ ነይ እይ" አሉኝ። አላየሁም። ዓለም ሁሉ ያያትን እህቴን እኔ አላየሁም። በሕይወቷ የተነሳችው ፎቶ ያ ብቻ ነው። ስሟን የጻፈ ሰው እንኳን የለም አሉ።

ያን ጊዜ ነው እንጀራዬ ይሄ ይሁን ያልኩት። እኔ ጋ የመጣ ሰው ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ኮት ይለብሳል፣ ሰው ሆኖ ነው የሚነሳው። ድሃ ቢሆን፣ ብድር ገብቶ የመጣም ቢሆን፣ ፎቶው ላይ ጌታ ነው። ጌቱም ያንን ሲያደርግ ሰው እያታለለ አይደለም፤ ገመና እየሸፈነ ነው። አንቺ ወፏን ማልበስሽን ስትነግሪኝ ኮርቼብሻለሁ፣ አሁንም ኮርቻለሁ። ያቺ ጆአን የምትያት ሴትዮ ምን እንደሆነ አይገባትም።

እና አሁን እኔ ፊቴን ገልጬ ለፈረንጅ ላሳይ? ዱረቲሽ ጥሩ ሰው ትሁን፣ ሐኪሟም ጥሩ ሰው ትሁን። ፎቶ ግን እግር አለው፣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ቁስሉ ትንሽ ሰፍቷል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ አትጻፊልኝ። ስለ ቱባ ጻፊልኝ።

የትምወርቅ


ኢገን
ሰኔ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእታለም የትምወርቅ

አሰላሙ አለይኩም ብል ለእርስዎ ይከብዳል፣ ጤና ይስጥልኝ ብል ለኔ ያንስብኛል። በልብዎ የሚመችዎትን ይውሰዱ። ዒድ በሰላም ዋለ። ዳግመኛ አትጻፊልኝ ያሉኝን አንብቤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። እርግማንዎን ፈርቼ ሦስት ቀን ብዕር አልያዝኩም፤ ከዚያ ግን ከእርግማንዎ ይልቅ ዝምታዎ አስፈራኝ።

አልጋነሽን አላህ በጀነት ያኑርልን። እንዲህ ያለች አክስት እንደነበረችኝ አላውቅም ነበር። ተሳስተዋል አልልዎትም፤ ሰውየው ስሟን ሊጠይቅ ይገባ ነበር። ላንሳሽ ወይ ሊላት ይገባ ነበር። አንስቷት ሄደ፣ እሷን ግን ይዟት አልሄደም። እኔም ብሆን ከዚያ በኋላ ያለ ኮት ማንንም አላነሳም ነበር።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። በሰኔ መጀመሪያ ቄጤማው ውስጥ ተደብቆ የቀረ ዘይት ነበርና አንዲት ሉን ዘግይታ ተያዘች። የመጨረሻዋ ናት ተባለ። ካሜራውን ይዞ የነበረው ልጅ የኮሌጅ ፈተና ላይ ነበር። ጆአን ፎጣ ከማጥብበት መጣችና ካሜራውን ዘረጋችልኝ። እጄን ጠረግሁና ተቀበልኳት። ወፏ ጥቁር ብቻ ሆናለች፣ ነጩ አይታይም። ዓይኗ ቀይ ነው፤ የዚህ ወፍ ዓይን ሲፈጠርም ቀይ ነው። ፎጣው ጎኔ ነበር። አልነካሁትም። በልቤ "አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው" አልኩና ከነዘይቷ፣ ከነቁጥሯ አነሳኋት። ያ ፎቶ ነው ከሁሉ በላይ የሠራው፤ እሱን ያየ ሰው ደህና ናት ማለት አልቻለም። ለሷ ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሞቱትም ጭምር ጆአን ድርጅቱን በሱ ተከራከረች። ወፏን አጥበው፣ አድርቀው፣ ባለፈው እሁድ ከከተማ ወጣ ያለ ሐይቅ ላይ ለቀቋት። ጠልቃ ገባችና በጣም ሩቅ ወጣች። ጆአን በሳምንት ሁለት ቀን በክፍያ ቀጥራኛለች፤ የሻኮፒውን ሥራ ግን ገና አልተውኩም።

እኔ አይቼ የገባኝ ይሄ ነው። ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ አለ፣ ለሐኪም የሚሆን ፎቶም አለ። የመጀመሪያውን እርስዎን የሚያክል የሚያነሳ የለም። ሁለተኛውን ግን አላስተማሩኝም፤ እኔ ላስተምርዎ።

ባዶ እጄን አልጠይቅዎትም። በዚህ ፖስታ ውስጥ የኔ ፎቶ አለ። ከሻኮፒ ፈረቃዬ እንደተመለስኩ ቱባ ናት ያነሳችኝ። ፀጉሬ አልተሸፈነም፣ አልተበጠረምም። ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት ያያሉ። የግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሏል፤ ካርቶን በማንሳት ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም። ደህና ነኝ ስልዎ የኖርኩት ይህን ነው። ይሄ ፎቶ ባዕድ ወንድ እጅ ቢገባ ሰማይ ነው የሚደፋብኝ። ጌቱም እንዳያየው። ለእርስዎ ብቻ አምኜ ልኬዋለሁ።

እርስዎም እመኑኝ። የሚያዩት ዱረቲና ሐኪሟ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ስምዎን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። እንዳዩት አቃጥለዋለሁ።

ሻሂዳዎ


ኮምቦልቻ
ሐምሌ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሻሂድዬ

ፎቶሽን ሳይ ተቀመጥኩ። ትከሻሽን ምን አድርገሽው ነው? አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሠርግ ልብስ ብቻ ስትታዪኝ ኖረሽ! ደብዳቤሽን ሳልጨርስ ብዙ አለቀስኩ። ፎቶውን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፤ እዚያ ገብቶ የሚያይ ሰው የለም።

ጌቱን ኮምፒውተሩን አስጠፋሁት። "እትዬ፣ ትንሽ ብቻ ላለስልሰው፣ ጫፉን ብቻ" ብሎ ለመነኝ። ውጣ አልኩት። ካሜራውን በመቆሚያው አቁሜ፣ ሻሼን አውልቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ ራሴን አነሳሁ። ሳየው ማን እንደሆነች ለጊዜው ጠፋኝ። ይህን ያህል መስፋቱን በመስታወት አላየሁትም ነበር፤ ለካ መስታወትም ከወደድኩት ጎን ነው የማየው።

ይኸው ልኬልሻለሁ። የአብዱልመናን ወንድም ዛሬ ይሳፈራል። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲይዝ ፖስታውን አሽጌ በሰም አትሜዋለሁ።

የትምወርቅ


ኢገን
ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

እታለም

በስልክ የነገርኩዎትን በወረቀት ደግሞ ይያዙት፣ ለሐኪሞቹ እንዲያሳዩት ብዬ ነው። ስለደወልኩ ይቅርታ፤ የሚቆይ ነገር አልነበረም። ጮኼም ከሆነ ስለፈራሁ ነው።

ሐኪሟ ፎቶውን በማጉያ ብዙ አየችው። ሥጋው ተወስዶ ሳይመረመር አልምልም ብላለች። ግን ቡግንጅ እንዳልሆነ እርግጠኛ ናት። የቆዳ ካንሰር ዓይነት ይመስለኛል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፣ ወደ ሌላ አካል ብዙም አይሠራጭም፣ ነገር ግን የዓይኑ ቆብ ዳር ደርሷል አለች። አሁን ከተቆረጠ ዓይኑ ይተርፋል፤ ዓመቱን ጠብቁ ከተባለ አትጠብቁት ብላ ደጋግማ ነገረችኝ። አዲስ አበባ የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ቦታ ዱረቲ አጣርታ ከጀርባው ጽፋልዎታለች። ይህ ወረቀት እንደደረሰዎ ጌቱ ይዞዎት ይሂድ፣ ቃል ገብቶልኛል።

ፎቶውን ላቃጥል ስል ዱረቲ ከለከለችኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለማነጻጸር ይፈለጋል አለች። አደራ ብዬ እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ። ካልፈቀዱ አቃጥዪው ይበሉኝ።

ሻሂዳ


አዲስ አበባ
ነሐሴ 29 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለሻሂዳ

ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ የሚመጣውን የጤና ያድርግልን። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፍልሽ፣ መስመሩ ቢጣመም አትፍረጂብኝ። ቆርጠው አወጡት። ሐኪምሽ ያለችው ነው ሆኖ የተገኘው። የተቆረጠው ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ የቀረ በሽታ የለም፣ ዓይኔም ተርፏል አሉኝ። ከጭኔ ቆዳ አንሥተው ነው የጠገኑኝ፤ በስተርጅና ጭኔ ወደ ፊቴ መጣ። ጠባሳው ትልቅ ነው የሚሆነው አሉ። ይሁን። ፎቶውን አታቃጥዪው።

ስለ ክፍሌ ላጫውትሽ። አጠገቤ ከዋግ የመጡ አንዲት እናት ተኝተዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ተቀዶ አንደኛው ትናንት ተፈታላቸው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ዓረብ አገር ነው። ካሜራዬን ከሻንጣዬ ሳወጣ አዩና ለልጄ የምልከው አንድ አንሺኝ አሉ። እኔም እንደ ልማዴ ማበጠሪያዬን አወጣሁ። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝና እጄ ቆመ። በሕይወቴ ማንንም ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ እንዴት አድርጌ ላንሳዎ? ፋሻውን በሻሽ ልሸፍንልዎ?"

ሳቁብኝ። "ተይው፣ እንዲያው እንዳለሁ አንሺኝ። ካማረብኝማ ደህና ናት ብሎ መች ይመጣል?" አሉኝ።

አነሳኋቸው። ከዚያ አልጋዬ ላይ ሆኜ ብዙ አሰብኩ። ሻሂድዬ፣ ከሄድሽ ጀምሮ ሲያምርብኝ ብቻ ነው ፎቶ የላክሁልሽ።

ይኸው፣ ፋሻዬ ሳይፈታ የተነሳሁትን ልኬልሻለሁ።

የትምወርቅ